ያላረፈ ቡጢ ሲቆጠር

የካራቴ ውድድር ታሪክ የሚጀምረው ውድድር የማይወዱ አንድ አዛውንት ካረፉ በኋላ ነው። ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኦኪናዋ ደሴት ተነሥተው ቶኪዮ ገቡና ካራቴን ለዋናው ጃፓን ሕዝብ አሳዩ። እዚያው ቀሩ፤ ተማሪዎቻቸውም በየዩኒቨርሲቲው በዙ። ወጣት መቼም ወጣት ነውና መጋጠም አማረው። ፉናኮሺ ግን ካታ ይበቃል ባይ ነበሩ። ካታ የማይታይ ባላንጣ ከፊት እንዳለ ታስቦ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ የሚሠራ የቡጢ፣ የመከላከልና የእርግጫ ሰንሰለት ነው። አዛውንቱ በኤፕሪል 1957 አረፉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ሙት ዓመታቸው እንኳ ሳይደርስ፣ የጃፓን ካራቴ ማኅበር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና ቶኪዮ ላይ አካሄደ።

የዚያ ውድድር የኩሚቴ፣ ማለትም የፍልሚያው፣ አሸናፊ ሂሮካዙ ካናዛዋ ነበር። ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብሎ እጁ ተሰብሮ ሊቀር አስቦ ነበር። እናቱ ልጇ ሲጋጠም ለማየት ከሩቅ ተነሥታ መምጣቷን ሲያውቅ ግን ሐሳቡን ቀየረ ይባላል። በአንድ እጁና በእግሮቹ ተጋጥሞ አሸነፈ። ታሪኩ በየካራቴ ቤቱ ሲወራ ስለኖረ ትንሽ ቅመም ሳይገባበት አልቀረም፤ ያም ሆኖ በካራቴ ሰዎች ዘንድ የመጀመሪያው የሻምፒዮን ገድል ይኸው ነው።

ያ ውድድር አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሰውን በአንድ ምት ለመጣል የሠለጠነ እጅ፣ ሰው ሳይጎዳ እንዴት ይወዳደራል? ቦክስ ጓንት አጠለቀና ተደባደበ። ጁዶ አደገኛውን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ መጣልንና ማነቅን ያዘ። ካራቴ የመረጠው ከሁለቱም የሚከብደውን መንገድ ነው። ቡጢው በሙሉ ኃይል ይሰነዘራል፣ ዒላማው ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል። ዳኛውም ያላረፈውን ምት አይቶ፣ ቢያርፍ ኖሮ ይጥለው ነበር ወይስ አይጥለውም የሚለውን ይፈርዳል። የዓለም ካራቴ ሻምፒዮና የሃምሳ ዓመት ታሪክ፣ ለእኔ እንደሚታየኝ፣ ይህችን «ቢያርፍ ኖሮ» ለመመዘን የተደረገ ሙከራ ነው። ሜዳልያዎቹም መለኪያው በተቀየረ ቁጥር ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ተሻግረዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ብሩስ ሊን እያየ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ውድድር መጀመሪያ ሲያይ ግር ይለዋል። ደም የለ፣ ዝረራ የለ። ሁለት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተፋጠው ይነጥራሉ፣ ድንገት ይወረወራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ዳኛው መሐል ገብቶ ያቆማቸዋል። ማን ማንን እንደቀደመ ለማወቅ ምስሉን ቀስ አድርጎ መድገም ያስፈልጋል።

ዓለም አቀፉን ሻምፒዮና ያዋለዱት ፈረንሳዊው ዣክ ዴልኩር ናቸው። የፈረንሳይ ካራቴ መሪ ሆነው በዲሴምበር 1963 የስድስት አውሮፓ አገሮችን ፌዴሬሽኖች ፓሪስ ላይ ሰበሰቡ። ከሦስት ዓመት በኋላም እዚያው ፓሪስ የመጀመሪያው የአውሮፓ ሻምፒዮና ተካሄደ። በጃፓን በኩል የቆሙት ሪዮይቺ ሳሳካዋ ነበሩ፤ በሞተር ጀልባ እሽቅድምድም ውርርድ የደለበ ሀብትና በየቢሮው የሚያስገባ ስም የነበራቸው ሰው። ሁለቱ ወገኖች በኦክቶበር 1970 ቶኪዮ ላይ ተስማምተው የዓለም የካራቴ ማኅበራት ኅብረትን መሠረቱ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም አብሮ ተከፈተ፤ 33 አገሮች ተገኙ።

ያኔ ውድድሩ ሁለት ብቻ ነበር፤ የግል ኩሚቴና የቡድን ኩሚቴ። የክብደት ምድብ የለም፤ ቀጭኑም ግዙፉም አንድ ምንጣፍ ላይ ይገናኛሉ። የሴት ምድብ የለም፤ ካታም የለም። አንድ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። በግል ጃፓናዊው ኮጂ ዋዳ ወርቁን ወሰደ። ካናዳዊው ጆን ካርኒዮ ብር፣ ፈረንሳዊው ዶሚኒክ ቫሌራና አሜሪካዊው ቶኒ ቱሌነርስ ነሐስ አገኙ። የቡድኑንም ወርቅ ጃፓን ወሰደች። ሕጉ የእነሱ፣ ቋንቋው የእነሱ፣ አዳራሹ የእነሱ፤ ማንም አልተገረመም።

የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1972 ፓሪስ ላይ የግሉን ወርቅ ሉዊስ ዋታናቤ አሸነፈ፤ ስሙ ጃፓናዊ፣ ደረቱ ላይ ያለው ባንዲራ ግን የብራዚል። የቡድኑን አዘጋጇ ፈረንሳይ ወሰደች። በ1975 ሎንግ ቢች ላይ ካዙሳዳ ሙራካሚ የግሉን ለጃፓን ቢያስመልስም የቡድኑ ዋንጫ ወደ ብሪታንያ ሄደ። በ1977 ውድድሩ ወደ ቶኪዮ ሲመለስ ደግሞ ባሰ፤ ሆላንዳዊው ኦቲ ሩትሆፍ በጃፓኖች መሐል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ የሆላንድ ቡድንም አብሮት ወርቅ ወሰደ። በዕድሜ የገፉት ቶኪዮዎች ይህን ሲያዩ 1964 ትዝ ሳይላቸው አይቀርም። በዚያ ዓመት ኦሊምፒክ፣ ለጁዶ ተብሎ በተሠራው ቡዶካን አዳራሽ፣ ሌላው ሆላንዳዊ አንቶን ሄሲንክ ጃፓኖችን በገዛ ጨዋታቸው አሸንፎ ነበር።

እዚህ ላይ ጎን ለጎን መታየት ያለበት ሌላ ውድድር አለ። ማሱታትሱ ኦያማ የሚባሉት የኪዮኩሺን መሥራች፣ ምት ካላረፈ ምኑን ካራቴ ሆነ ብለው ከጅምሩ ተለይተው ነበር። በ1975 የራሳቸውን የዓለም ውድድር ቶኪዮ ላይ ከፈቱ፤ ጓንት የሌለበት፣ በቡጢ ፊት ከመምታት በቀር ምት በእውነት የሚያርፍበት። የመጀመሪያው አሸናፊ ካትሱአኪ ሳቶ ነበር። ከሱ በኋላም ብራዚላዊው ፍራንሲስኮ ፊልሆ በ1999 እስኪያሸንፍ ድረስ ያን ውድድር ከጃፓን ውጭ ማንም አልወሰደውም። በሚያርፈው ምት ጃፓኖች 24 ዓመት ነገሡ፤ በማያርፈው ምት ግን ሁለት ዓመት ብቻ። ምክንያቱ የሚመስለኝ ይህ ነው። ምት መቆም ካለበት ጥንካሬና ትዕግሥት ዋጋቸው ይቀንሳል፤ የክንድ ርዝመት፣ ርቀት መለካትና ፍጥነት ይነግሣሉ። አውሮፓውያኑ ይህን ቶሎ ነቁበት። ጃፓኖቹ አንዷን ወሳኝ ቅጽበት ሲጠብቁ እነሱ እየነጠሩ ገብተው ይወጡ ነበር።

ፍርዱ የሰው ዓይን ነውና ጸብም አልታጣም። በሎንግ ቢች ውድድር፣ ያ የመጀመሪያው የነሐስ ባለቤት ቫሌራ ከጨዋታ ሲባረር ንዴቱን መያዝ አቅቶት ዳኞቹን መታ። ታገደ። እሱም ወደ ሙሉ ንክኪው ፍልሚያ ተሻገረ፤ ዳኛ «ቢያርፍ ኖሮ» ብሎ ወደማይገምትበት ሜዳ መሆኑ ነው። ድርጊቱ አሳፋሪ ነበር፤ ግን የብዙ ተወዳዳሪዎችን ሆድ ቁርጠት ያወጣው እሱ ይመስለኛል።

በ1980 ማድሪድ ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። የክብደት ምድቦች መጡ፣ ካታ ወደ ሻምፒዮናው ገባ፣ ሴቶችም በካታ ተወዳደሩ። ሴቶች በኩሚቴ የተጋጠሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ታይፔ ላይ ነው። የሆላንዷ ጉስዬ ፋን ሞሪክ የከባድ ሚዛኑን ወርቅ ያኔ አነሣች፤ በ1984፣ በ1986ና በ1988ም ማንም አልነጠቃትም። ሻምፒዮናው ከዚህ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ መካሄዱን ያዘ። አሠልጣኝ ቲኪ ዶኖቫን የመሩት የብሪታንያ የወንዶች ቡድንም ከ1982 እስከ 1990 አምስት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ወሰደ። እነ ጄፍ ቶምፕሰንና ቪክ ቻርልስ የዚያ ቡድን ሰዎች ናቸው። ረጃጅም፣ ፈጣን፣ ብዙዎቹ ጥቁር እንግሊዛውያን ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የአገሮች ዝርዝር ይረዝማል፤ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ቱርክ፣ ኢራን። የኢራን ወንዶች የቡድኑን ወርቅ በ2014፣ በ2016ና በ2018 ደጋግመው ወስደዋል። ከሁሉም የኩሚቴ ባለ ሜዳልያ ግን ቆም ብዬ የማየው የአዘርባይጃኑን ራፋኤል አጋዬቭን ነው። ቁመቱ አጭር፣ ሚዛኑ ቀላል ነው፤ ግን አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2008 ቶኪዮ ላይ የራሱን ሚዛን አሸንፎ ሳይበቃው፣ ክብደት በማይለይበት ምድብም ገብቶ ወርቁን ወሰደ። የክንድ ርዝመት ይነግሣል ያልኩት እሱ ዘንድ ሲደርስ ይሰበራል። ረጃጅሞቹ ክንዳቸውን ሲዘረጉ በሥሩ ገብቶ፣ ይዞ፣ ጠልፎ ይጥላል፤ የወደቀ ላይ የሚሰነዘር ምት ደግሞ በሕጉ ከፍተኛውን ነጥብ ያሰጣል።

ነጥቡን ካነሣን ሕጉን ማየት ደግ ነው። ዛሬ ቡጢ አንድ፣ ሰውነት ላይ የሚሰነዘር እርግጫ ሁለት፣ ጭንቅላት ላይ የሚሰነዘር እርግጫ ሦስት ነጥብ ነው። የስምንት ነጥብ ልዩነት ከመጣ ጨዋታው ያበቃል። ምንጣፉ ስምንት ሜትር በስምንት ሜትር ነው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ቀበቶ ያስራል። ነጥብ ለማግኘት መድረስ ብቻ አይበቃም። ቅርጹ ያማረ፣ ጊዜውና ርቀቱ ትክክል፣ ኃይል ያለው መሆን አለበት። ከምቱ በኋላም ተወዳዳሪው ነቅቶ መቆየት አለበት፤ ይህን ዛንሺን ይሉታል። መታሁ ብሎ ፊቱን አዙሮ እጁን ወደ ሰማይ የሰቀለ ሰው የመታውን ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ሌላ ስፖርት ላይ ደስታ መግለጽ የሚባለው እዚህ ነጥብ ያስከፍላል።

ነሐሱም የራሱ ሥርዓት አለው። በየምድቡ ሁለት ነሐስ ይሰጣል። ለፍጻሜ ባለፉት ሁለት ሰዎች የተሸነፉት ተመልሰው እርስ በርስ ይጋጠሙና ከየወገኑ አንዱ ሜዳልያ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ያሸነፈውን ሰው ሲደግፍ ይታያል። ያ ሰው ፍጻሜ ካልደረሰ የሱም ነሐስ የለም።

ካታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ባላንጣ የለም፣ የሚያርፍ ምት የለም፤ ፉናኮሺ የወደዱት ካራቴ ለሜዳልያ ሲቀርብ ይህን ይመስላል። እዚህ ሜዳ ላይ ኦኪናዋ ተመልሳ መጣች። ትሱጉኦ ሳኩሞቶ የሩዌይ ሩ ስልት ተማሪ ናቸው፤ ይህ ስልት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ነበር። በ1984፣ በ1986ና በ1988 የዓለም ካታ ሻምፒዮን ሆኑ። ጃፓናዊቷ ሚዬ ናካያማም ከ1982 እስከ 1986 በሦስት ተከታታይ ሻምፒዮናዎች ወርቅ ወሰደች። ከዚያ ተራው ወደ ሌሎች ዞረ። ፈረንሳዊው ሚካኤል ሚሎን በ1994፣ በ1996ና በ2000 አሸነፈ። ካታውን እንደ ሰይፍ ያቀልጥፈው ነበር፤ በ2002 ገና በወጣትነቱ ሞተ። ጣሊያናዊው ሉካ ቫልዴሲ ሦስት ጊዜ፣ የቬኔዝዌላው አንቶኒዮ ዲያዝ ሁለት ጊዜ አከታተሉ። ሳኩሞቶ በዚህ ሁሉ ጊዜ አገር ቤት ሆነው ልጅ እያሠለጠኑ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሪዮ ኪዩና ይባላል፤ በ2014 ብሬመን ላይ ወርቁን ወስዶ በ2016ና በ2018 ደገመው።

ከውጭ ሲታይ የካታ ዳኝነት ለመረዳት ይከብዳል። ድሮ አምስት ዳኞች ቀይ ወይም ሰማያዊ ባንዲራ ያነሡ ነበር፤ ሦስት ለሁለት ሆኖ ሲያልቅ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ከ2019 ጀምሮ ሰባት ዳኞች ነጥብ መስጠት ያዙ። ከላይ ሁለቱ፣ ከታች ሁለቱ ነጥቦች ይሰረዙ፣ ቀሪው ይደመር ነበር። ቴክኒኩ 70 ከመቶ፣ የሰውነት ብቃቱ 30 ከመቶ ይይዝ ነበር። አዋቂ ዓይን የሚያየው እግር ከመሬት ጋር ሲገናኝ የሚረግጠውን ልክ፣ ዳሌና ቡጢ እኩል መድረሳቸውን፣ በዝግታው ክፍል ትንፋሽ መግዛትን ነው። የዩኒፎርሙ እጅጌ ሲሰነዘር የሚያሰማው ጠፍ የሚል ድምፅም አለ። ድምፅ ነጥብ አይሆንም ይባላል፤ ግን ጆሮ የሌለው ዳኛ አላውቅም።

ሻምፒዮናውን የሚመራው ኅብረት ራሱ ግን ከምንጣፉ ውጭ የከረረ ፍልሚያ ላይ ነበር። በ1985 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለኅብረቱ እውቅና ሰጠ። በአሜሪካ የሚኖሩት ሂደታካ ኒሺያማ የሚመሩት ሌላ ፌዴሬሽን ደግሞ እኛም አለን አለ። ኮሚቴው ታረቁ አለ፤ አልታረቁም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እውቅናው ተነሣ፣ ኅብረቱም ስሙን ቀይሮ የዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ሆነ። በ1998 ስፔናዊው አንቶኒዮ ኤስፒኖስ ከዴልኩር መሪነቱን ተረከቡ፤ በዓመቱ እውቅናው ተመለሰ። ለኦሊምፒክ የቀረበው ጥያቄ ግን ደጋግሞ ወደቀ። ጁዶ ከ1964፣ ቴኳንዶ ከ2000 ጀምሮ ውስጥ ሆነው ካራቴ በር ላይ ቆሞ ቀረ። በሩ የተከፈተው በኦገስት 2016፣ ለቶኪዮ ብቻ ነው።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ በወረርሽኙ ምክንያት ተራዝሞ በ2021 ሲካሄድ ካራቴ ከኦገስት 5 እስከ 7 በቡዶካን አዳራሽ ተወዳደረ። የዓለም ሻምፒዮናው ያኔ 16 ወርቅ ነበረው፤ ኦሊምፒኩ የሰጠው ስምንት ነው። ክብደቶቹ ተጨፈለቁ፣ ቡድን ቀረ። በካታ ስፔናዊቷ ሳንድራ ሳንቼዝ በ39 ዓመቷ ጃፓናዊቷን ኪዩ ሺሚዙን 28.06 ለ27.88 አሸነፈች። የሁለቱ ፉክክር የቆየ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ማድሪድ ላይ የዓለሙን ወርቅ የወሰደችውም ሺሚዙን አሸንፋ ነው። በማግሥቱ ኪዩና ስፔናዊውን ዳሚያን ኪንቴሮን 28.72 ለ27.66 ረታ፤ የሟች እናቱን ፎቶ ይዞ ሽልማት መድረክ ላይ ወጣ። በግል ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው የኦኪናዋ ሰው ሆነ። አጋዬቭም ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ቡሳ 1 ለ0 አሸነፈው። አምስት የዓለም ወርቅ ያለው ሰው በአንዲት ነጥብ ብር ይዞ ተመለሰ።

የመጨረሻው ቀን ደግሞ የከባድ ሚዛን ወንዶች ፍጻሜ ነበር። የሳዑዲው ታሬቅ ሐመዲ በኢራናዊው ሳጃድ ጋንጅዛዴ ላይ 4 ለ1 እየመራ ነበር። አገሩ በኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታ አታውቅም። ሐመዲ እግሩን ወደ ጭንቅላት ሰነዘረ፤ ሕጉ ሦስት ነጥብ ብሎ ከሁሉ አብልጦ የሚከፍልበት ምት። ግን አልቆመም፤ አረፈ። ጋንጅዛዴ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ኦክስጅን ተደርጎለት በቃሬዛ ወጣ። ዳኞቹ ተመካከሩና ሐመዲን አባረሩ። ወርቁ ራሱን ለሳተው ሰው ሆነ፤ ማሸነፉንም የሰማው ሲነቃ ነው። ሐመዲ ምንጣፉ ላይ አለቀሰ።

በዚያች ሌሊት ዓለም ሁሉ ዳኝነቱ ላይ ሳቀ። እኔ ሕጉ በትክክል ሠርቷል ባይ ነኝ። ያልቆመ ምት ከተሸለመ ካራቴው ኪዮኩሺን ሆነ ማለት ነው፤ ያንን የሚፈልግ የራሱ ሻምፒዮና አለው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ በአንድ እጁ ለጭንቅላት እርግጫ ትልቁን ዋጋ ይሰጣል፣ በሌላው እጁ ያችው እርግጫ በጥቂት ሴንቲሜትር ካለፈች ሁሉንም ይነጥቃል። ይህ በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ልቡ የሚደልቅ ልጅ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ሴንቲሜትር እንዲቆጥር መጠበቅ ነው።

ፓሪስ ገና በ2019 ካራቴን ከ2024 ኦሊምፒኳ ውጭ አድርጋ ነበር፤ ዴልኩር አውሮፓን የሰበሰቡባት፣ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ያስተናገደች ከተማ። ቶኪዮ ላይ ለፈረንሳይ የካራቴ ወርቅ ያመጣው ስቲቨን ዳ ኮስታም ወርቁን አገሩ ላይ የሚከላከልበት ዕድል አላገኘም። ግን ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ሦስት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 2021፣ ዱባይ ላይ የዓለም ሻምፒዮናው ተከፈተ። ዳ ኮስታም፣ ኪዩናም፣ ሳንቼዝም መጡና ሦስቱም እንደገና አሸነፉ። ከ2023 ቡዳፔስት በኋላ የ2025 ተራ የካይሮ ሆነ። ካይሮ በ1988 ሻምፒዮናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ያመጣች ከተማ ናት። በመሐሉ ጂያና ፋሩክ በ2014ና በ2016 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ ፌርያል አብደልአዚዝም ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቃለች፤ ሁለቱም የግብፅ ሴቶች ናቸው።